ከድምጿ ጀርባ የሳቀው ሰው

መካነ ሰላም ስገባ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። የተወለድኩት ባሌ ጎባ ነው። ባለቤቴ ለመሰናዶ ትምህርት ቤቱ መምህር ሆኖ ሲመደብ፣ ከደሴ በአቀስታ በኩል በዚያ አጥንት በሚያላቅቅ መንገድ ተከትዬው መጣሁ። "ትንሽ ቆይተን እንዛወራለን" ብሎኝ ነበር። እስካሁን አልተዛወርንም። ልጆቻችን መካነ ሰላምን አገራችን ብለው አደጉ፤ እኔም ይህን የምጽፈው ከዚያው ሆኜ ነው።

የተከራየነው ቤት ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናቸው። እኔ "እትየ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "እህትየ" ይሉኛል። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። በሁዳዴ የሥጋ ሽታ እንዳይደርሰኝ ብለው ድስታቸውን ወደ ጓሮ ይወስዱ ነበር፤ እኔም በረመዳን ልጆቼን ደጃፍ ላይ አላበላም። እንዲህ አድርጊ ብሎ ያዘዘኝ የለም። ግቢው ራሱ ያስተምራል።

በግቢው በር ላይ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ክፍል ነበረ። የጽሕፈት ዲፕሎማ ስለነበረኝ እሱን ተከራይቼ ኮምፒውተርና ፎቶኮፒ አስገባሁና "ጽሕፈት እና ፎቶኮፒ" የሚል ታፔላ ሰቀልኩ። ሰዉ ግን የሚመጣው ማመልከቻ ለማጻፍ ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር በየቤቱ ማለት ይቻላል አንዲት ልጅ ዓረብ አገር አለች። እናቶች በገበያ ቀን ጎመናቸውንም ቅቤያቸውንም ሸጠው ሲያበቁ እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ፤ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ልጆቻቸውን በኮምፒውተር ያነጋግራሉ። የእኔም እናት ጎባ ናት፤ የሰው ድምጽ ከሩቅ ሲመጣ ሆድ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ስለዚህ እነሱ ሲያወሩ ፊቴን ወደ ፎቶኮፒው አዙሬ ወረቀት የማስተካክል እመስላለሁ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የሞባይሉ ኢንተርኔት ጠፋ። በስልክ ሽቦ የሚመጣው የእኔ መስመር ይሠራ ነበር፤ የጥሪው ፕሮግራም ግን እምቢ አለ። ይሄኔ ነው ቪፒኤን የሚባለው ነገር በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ መዞር የጀመረው። አንድ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ አመጣልኝ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ መካነ ሰላም ተቀምጦ ሌላ አገር ያለ ያስመስለዋል፤ በዚያኛው አገር በኩል ዞሮ ጥሪው ይገባል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ማስመሰል የሚባል ነገር ደግሞ ለሕሊናዬ አልተስማማውም። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው።

"ለምን ትጠቀሚበታለሽ?" አሉኝ።

"እናቶች ልጆቻቸውን እንዲያነጋግሩበት።"

"አንቺስ ምን ታገኚበታለሽ?"

"የመስመሩን ኪራይ ያህል፣ አባ።"

"እንግዲያው ክፉ እንዳይገባበት ጸልዪበት" አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት አማትቤ መክፈት ጀመርኩ።

እትየ መጀመሪያ ሲያዩት ስክሪኑ ላይ የሆላንድ ባንዲራ ወጣ። "ይሄ ምንድን ነው?" አሉኝ። "እትየ፣ አሁን እኛ ሆላንድ ነን" አልኳቸው። "ያረቢ! መካን ሳልረግጥ ሆላንድ አደረስሽኝ?" ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ጋር ሊደውሉ ሲመጡ "እስቲ ሆላንድን ክፈቺልኝ" ነበር የሚሉት።

ትልቋ ልጃቸው ከአንድ ዓረብ ቤተሰብ ቤት አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት የምታስታምም ናት። ፊቷን ከማየቴ በፊት ድምጿን ነው የለመድኩት። ቀጭን፣ ትንሽ የሚሻክር ድምጽ ነው፤ ስትስቅ መጨረሻው ላይ ይሰበራል። ከእናቷ ጋር አውርታ ስትጨርስ ሁልጊዜ "ለጎባዋም ሰላም በይልኝ" ትላለች፤ ጎባዋ እኔ ነኝ።

ይህች ልጅ በገበያው መግቢያ ላይ የሚሰፋ አንድ ዝምተኛ ልብስ ሰፊ ነበራት። ከመሄዷ በፊት ይተዋወቃሉ። ሽማግሌ ተላከ፣ ተጠየቀ፣ ተፈቀደ። ለዒድ እረፍት አግኝታ ትመጣለች፤ ኒካሁ ከዚያ በፊት ታስሮ ይቆይ፣ ስትመጣ ወደ ቤቷ ትግባ ተባለ። ለዚህ ደግሞ ልጅቷ ወኪሏን በራሷ አንደበት መሰየም አለባት፤ ሁለት ምስክሮችም ድምጿን መስማት አለባቸው። አባቷ ስለሌሉ ወኪሏ የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከገጠር የሚመጡ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ አባት ያሳደጓት ሰው። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የሚያሰማ ቦታ የእኔ ክፍል ነበረ።

ዕለቱ የሁዳዴ አጋማሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ክፍሉን ጠርጌ፣ ታፔላዬን ወደ ውስጥ አስገብቼ፣ ወንበሮቹን በኮምፒውተሩ ዙሪያ አዞርኩ። አጎትየው ጋቢያቸውን ደርበው መጡ። አንደኛው ምስክር የሰፈሩ ሸህ ናቸው፤ ሁሉም "ሸህየ" ይላቸዋል፤ ቃላቸው ሚዛን ነው። ሁለተኛው የልብስ ሰፊው የእህት ባል፣ አፉ ዝም የማይል የእህል ነጋዴ ነው። እትየ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"እንግዲህ ሆላንድ ገባን" አለ ነጋዴው። "ፓስፖርት የጠየቀን የለም።"

"አንተ ዛሬ እንኳ አፍህን አሳርፈው" አሉት ሸህየ።

ምስሉን ዘጋሁት። መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ድምጹ እንዳይቆራረጥ ነው፤ ለልጅቷም ሐያእ፣ ለጨዋነቷ ማለት ነው፣ የሚሻለው እንደዚያ ነው አሉ ሸህየ። ስፒከሩን ከፍ አድርጌ፣ ማይኩን አጎትየው ፊት አስቀምጬ፣ ደውዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ያንን ኮምፒውተር የነካው ሰው የለም። ሁሉም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ መስጊድ ነበር የተቀመጠው።

ሰላምታው ረዘም አለ። ጤና፣ እናት፣ ከብት፣ ዝናብ፣ አሮጊቷ። ከዚያ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ ምስክሮች ተቀምጠዋል። የምትይውን በይ" አሏት።

"እኔ" አለች፤ "አጎቴን ኒካሄን እንዲያስሩልኝ..."

አንድ ወንድ ሳቀ።

የጎልማሳ ሰው ሳቅ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ለስለስ ያለ። ከስር ትንሽ ሙዚቃ አለበት። ቀጥሎ በማላውቀው ቋንቋ፣ ለቅርብ ሰው በጆሮ እንደሚነገር ዓይነት፣ የሆነ ነገር አለ።

ልጅቷ ቃሏን አቋረጠች።

"ማን ነው አጠገብሽ?" አሉ አጎትየው።

"እኔ... ማንም የለም። እኔ ብቻ ነኝ።"

ሰውየው ደግሞ ሳቀ።

"ይሄ ማን ነው ታዲያ?" ድምጻቸው ከፍ አለ። "ቤቱ ውስጥ ወንድ አለ?"

"ማንም የለም አልኩ እኮ! እርስዎ..." አለች፤ ሳትጨርሰው ጥሪው ተዘጋ። መስመሩ ይቋረጥ እሷ ትዝጋው አላወቅንም።

እትየ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ያ ለፍላፊ ነጋዴ እንኳ የጫማውን ጫፍ ነበር የሚያየው። ሸህየ ቀስ ብለው ተነሡ። "ለዛሬ ይደር" አሉ። ጫማቸውን አድርገው ሲወጡ እትየ "ሸህየ፣ መስመር ተቀላቅሎ ነው፤ ድሮም በስልክ የሰው ወሬ ይገባ አልነበር?" አሏቸው።

"ሊሆን ይችላል" አሉ ሸህየ። "ግን ሊሆን በሚችል ነገር ምስክር አይቆምም፣ ልጄ።"

ሁሉም ሲወጡ እትየ ወደኔ ዞሩ። "አንቺም ሰማሽ?"

ምን ልበላቸው? "ሰማሁ፣ እትየ።"

"መስመር ነው በዪያቸው። አንቺ የምታውቂው ነገር ነው፤ ያምኑሻል።"

ባልኩ ደስ ባለኝ። ግን መስመር መሆኑን አላውቅም። በኮምፒውተር ጥሪ የሰው ወሬ ተቀላቅሎ ሲገባ ሰምቼም አይቼም አላውቅም። "እውነቱን ሳላውቅ ብናገር ነገ ሌላ ሰው ያፈርሰዋል፤ ያኔ ለሷም አይበጃትም። ልፈልገው" አልኳቸው። እትየ ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

አጎትየው ለቅዳሜ ገበያ ከሚወጣው አይሱዙ ጋር ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከተመለሱ በኋላ ነገሩ በእኔና በግቢው መካከል አይቀርም። አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ሆና ከወንድ ጋር ናት ከተባለች፣ ወሬው በየደጁ ይዞራል፤ ማስተባበያው ግን ቤት ለቤት የሚዞርበት እግር የለውም። ልጅቷ ደግሞ እናቷ ደጋግመው ቢደውሉም አታነሣም።

በማግስቱ ጠዋት አማትቤ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ከትናንትናው ጋር አንድ አድርጌ ሁሉን አዘጋጀሁ፤ ቪፒኤኑን አገናኘሁ፣ የጥሪውን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ ስፒከሩን ከፍ አደረግሁ። ለማንም አልደወልኩም። ያንን የድምጽ ማስተካከያ እከፍታለሁ፣ ይህንን እዘጋለሁ፣ ማውሱን ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ምንም የለም። ኮምፒውተሩ እንደ በግ ዝም አለ። ቪፒኤኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ምንም። ሆላንድን ትቼ በሌላ አገር ሞከርኩ፤ ምንም። ከእኛ ዘንድ ካልሆነ ከእሷ ዘንድ ነው ማለት ነው። ያንን ሐሳብ ገፋ አደረግሁት፤ ግን ራቅ ብሎ ቁጭ አለ እንጂ አልሄደም።

ቀትር ሆነ። በሁዳዴ የስድስት ሰዓቱን ጸሎት አላሳልፍም። ከወንበሩ ተነሥቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እመቤቴን ሰላም ለኪ ስል፣ ከጀርባዬ ሰውየው ሳቀ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጸሎቱን አቋርጬ ነው የዞርኩት። ያው ሳቅ፣ ያው ሙዚቃ፣ ያው የሚለሰልስ ንግግር። ጥሪ የለም! እኔና እሱ ብቻ ነን። ሮጬ ማውሱን ስይዘው ጸጥ አለ።

ጸጥ ማለቱ ደግሞ ግራ አጋባኝ። ማውሱን ለቅቄ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ጠበቅኩ። ሲቆይ ሲቆይ መጣ። ነካሁት፤ ጠፋ። ለቀቅኩት፤ ቆይቶ መጣ። ገባኝ፤ ይሄ ሰውዬ ሰው ሲያየው የሚደበቅ፣ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ የሚወጣ ነገር ነው። ጠዋቱን ሙሉ ያጣሁት ስለምነካካው ነበር። እናቶቹም ሲያወሩ ማውሱን ጨብጠው ስለሚያንቀሳቅሱት አንድም ቀን አልወጣባቸውም። ትናንት ደግሞ እነዚያ ጨዋ ሰዎች ለልጅቷ ቃል ክብር ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ስለተቀመጡ መጣ።

ከየት እንደሚመጣ ግን ገና አላወቅሁም። የኢንተርኔቱን ኬብል እያወራ ሳለ ነቀልኩት። እሱ ወሬውን ቀጠለ! ትንሽ ቆይቶ ነው ዝም ያለው። ይሄኔ ከኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ስል፣ መልሼ ደግሞ ዝም ካለ ከውጭ ነው ስል፣ ሁለት ሐሳብ ሆንኩ። ኋላ ነው ከውጭ የመጣውን ትንሽ ትንሽ አስቀድሞ እያጠራቀመ እንደሚያጫውት የተረዳሁት። ውኃ ሲሄድ በጀሪካን ያለውን እንደምንጠቀመው ማለት ነው።

በመጨረሻ ኬብሉን መልሼ ሰክቼ፣ በስክሪኑ ጥግ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን የድምጽ ምልክት ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ የድምጽ ማስተካከያ አለው፤ ድምጽ ሲያወጣ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ መስመር ይዘላል። ይህን መስኮት ከዚህ በፊት ከፍቼው አላውቅም፤ ማን ይከፍተዋል? ክፍት አድርጌው እጄን አነሣሁ። ጠበቅኩ። የጥሪው ፕሮግራም መስመር አልተንቀሳቀሰም። የኮምፒውተሩ የራሱም አልተንቀሳቀሰም። ሰውየው ሲስቅ የዘለለው ሦስተኛው ነው፤ ቢጫ ቁልፍ የተሳለበት። ቢጫ ቁልፍ የቪፒኤኑ ምልክት ነው።

ፕሮግራሙ ነጻ ነው፤ ከማንም ገንዘብ አይጠይቅም። ለካ እንጀራው ማስታወቂያ ኖሯል። ሰው የሌለ ሲመስለው ከኋላ የማይታይ ገጽ ይከፍትና የሆነ አገር ማስታወቂያ ያጫውታል። ምስሉን ማንም አያይም፤ ድምጹ ግን ይወጣል። ያ ሰውዬ ሽቶ ይሸጥ እንደሆነ ሳሙና እስካሁን አላወቅሁም።

የጀመርኩትን ጸሎት ጨረስኩና ወደ እትየ ሄድኩ። "እትየ፣ አገኘሁት። ከኛው ቤት ነው" አልኳቸው።

"ከኛው ቤት ማለት?"

"ሰውየው ከእሷ ዘንድ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።"

እትየ "ሆዴ" አሉኝ፤ "እኔን ለማጽናናት ከሆነ ይቅር።"

"እትየ፣ ጾም ላይ ነኝ።"

ያኔ ተነሡ። አጎትየው ሸህየ ቤት አርፈው ነበር። አብረን ሄድን። ደጃፍ ላይ ቆሜ ስለ ቪፒኤንና ስለ ማስታወቂያ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ እንደማይሆን አወቅሁ። እነሱ የሰሙት በጆሯቸው ነው፤ የእኔ ማብራሪያ ጆሯቸውን አይመልሰውም። "ጋሽየ፣ ሸህየ፣ አንድ ነገር ነው የምለምናችሁ" አልኩ። "ትናንት ተቀምጣችሁ በነበረበት ቦታ እንደገና ተቀመጡልኝ። ለማንም አንደውልም።"

"ለማንም ሳንደውል ምን ልናዳምጥ?" አሉ አጎትየው። ዓይናቸው አልተኛም።

"እንሂድላት" አሉ ሸህየ። "ለመስማት ነው የጠየቀችን፤ መስማት አያከስርም።" ነጋዴውንም ከሱቁ አስጠሩት።

ተቀመጡ። የጥሪውን ፕሮግራም ዓይናቸው እያየ ዘጋሁት፤ ማይኩንም ነቀልኩት። ቢጫውን ቁልፍ ብቻ ተውኩት። "እንግዲህ እጃችሁን አሳርፉ፤ ማንም ምንም እንዳይነካ" አልኩ። ዝም ብለን ቁጭ አልን። ውጭ ዶሮ ትንጫጫለች። ነጋዴው መቁነጥነጥ ጀመረ።

"አሁን የምንጠብቀው ሰው ከየት ነው የሚመጣው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አንተ ዝም ስትል ነው የሚመጣው" አሉት ሸህየ።

እኔ በልቤ እመቤቴን እየለመንኩ ነበር። ባይመጣስ?

ሳቀ። ያው ሳቅ።

አጎትየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ደወልሽ?"

"አልደወልኩም፣ ጋሽየ። ይኸው ዝግ ነው።"

"ታዲያ ይሄ..."

አረንጓዴው ሲዘል አሳየኋቸው። "ይቺን ወደ ታች ሳወርዳት ይጠፋል" ብዬ ማውሱን ከመያዜ ሰውየው ቀድሞ ጠፋ። አጎትየው ፊታቸውን አጠቆሩ። "አዩ፣ እሷ ስትነካው ነው የሚሆነው" አሉ ለሸህየ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ስለዚህ ጠረጴዛውን ለቅቄ ወደ በሩ ሄድኩና እትየ አጠገብ ቁጭ አልኩ። "ጋሽየ፣ እርስዎ ይቀመጡበት። ሲመጣ እርስዎ ይንኩት" አልኳቸው።

አጎትየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ያ እርፍ የጨበጠ ትልቅ እጅ ከማውሱ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ሰውየው መጣ፤ አወራ፤ እጁ ወረደ፤ ሰውየው ጠፋ። እጃቸውን አነሡ። ጠበቁ። መጣ። ነኩት። ጠፋ። ደጋገሙት፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

"አፈር ስሆን!" አለ ነጋዴው። "ይሄ እኮ ጅብ ነው፤ ሰው ሲመጣ የሚሸሽ!"

ሸህየ አልሳቁም። "ትናንት ምስክር ሳልሆን በመውጣቴ አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ከእሷ ዘንድ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ ልል ነበር።"

አጎትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ደውሉላት" አሉ።

ኮምፒውተሩ ሳይነካ እንዳይቀር እኔ ማውሱን በዝግታ እያንቀሳቀስኩ ቀኑን ሙሉ ደወልን፤ አላነሣችም። አይሱዙው ያለ አጎትየው ሄደ። በኋላ ላይ ነው አንድ ቀን ጠዋት፣ አጎትየውም ነጋዴውም ባሉበት፣ ያነሣችው። "እናቴ ብቻ ከሆንሽ ነው የማወራው" አለች።

"አጎትሽ እዚህ ናቸው፤ አፉ በይኝ ሊሉሽ ነው የተቀመጡት፣ ልጅየ" አሏት እትየ።

አጎትየው ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ልጄ፣ ሰውየው ከኛ ዘንድ ኖሯል። ኮምፒውተሩ ነው። በዓይኔ አየሁት። አፉ በይኝ።"

ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው። እያለቀሰችም የተናገረችውን እስካሁን አልረሳሁትም። እሷም ሰምታው ኖሯል። ከስፒከራችን ወጥቶ በማይካችን ገብቶ እሷ ዘንድ ደርሷል። "እኔ እኮ ከእናንተ አንዱ መስሎኝ ነው" አለች። "የኒካህ ቃሌን ስናገር ከምስክሮቹ አንዱ የሚስቅብኝ መስሎኝ ነው። ምኑ ነው የሚያስቀው እያልኩ፣ እርስዎ ደግሞ ማን አለ አጠገብሽ አሉኝ። የሳቀብኝም እናንተ፣ የጠረጠረኝም እናንተ።"

ነጋዴው አንገቱን ደፋ። በሳቅ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እህቴ" አለ ቀስ ብሎ። የዚያን ቀን ሌላ ነገር አላለም።

"አፉ ብያለሁ" አለች ልጅቷ ሲቆይ። "እርስዎ አባቴ ነዎት። ግን ኒካሁን እንዲህ አልፈልገውም። ለዒድ ስመጣ፣ እኔ ባለሁበት ይታሰር። ምስክሮቹ ፊቴን ያዩኛል፤ እኔም ማን እንደሚስቅ ማን እንደማይስቅ አያለሁ።"

እትየ ደነገጡ። ሙሽራው ቤት ምን ይላል? ቀኑ ተነግሯል እኮ። ሊከራከሯት አፋቸውን ሲከፍቱ አጎትየው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። "ሐቋ ነው" አሉ። "አብሽሪ፣ ልጄ። እንደ ቃልሽ።" ለልብስ ሰፊውም ራሳቸው ሄደው ነገሩት። ከማሽኑ ቀና ሳይል "እኔ የምፈልገው እሷን ነው፤ ቀኑን አይደለም" አለ አሉ።

እኔ ያንን ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ አወጣሁት። ሲወጣም አስቸገረ፤ አጥፍቼው ኮምፒውተሩን ባበራሁ ቁጥር ይመለስ ነበር፤ አብሮት ተደብቆ የሚነሣ ሌላ ታናሽ ፕሮግራም ነበረው፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው ማውጣት የሚቻለው። ሌላ ቪፒኤን እስካገኝ ድረስ ለእናቶቹ "መስመር የለኝም" አልኳቸው። በገበያ ቀን መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲመለሱ ማየት ከበደኝ፤ ግን ሌላ ቤት ደግሞ እንዲያ ያለ ሳቅ ከሚገባ ጥቂት ይጠብቁ ብዬ ነው።

ለዒድ መጣች። ከመኪና ስትወርድ ያወቅኋት በድምጿ ነው፤ ፊቷ ካሰብኩት ይልቅ ቀጭን፣ እናቷን የመሰለ ነው። "ጎባዋ!" ብላ አቀፈችኝ። ኒካሁ በእትየ ቤት ሳሎን ሆነ። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ በጓዳው በር በኩል። እሷ በወንዶቹና በእኛ መካከል፣ በነጭ ሻሽ፣ ሁሉን በሚያሳያት ቦታ ተቀመጠች። እትየ እጄን ጨብጠውኛል፤ ያመኝ ነበር።

ልጅቷ ወዲያው አልተናገረችም። በመጀመሪያ አጎቷን አየች፣ ቀጥሎ ሸህየን፣ ቀጥሎ ነጋዴውን። ነጋዴው ላቡ በግንባሩ ወርዶ ነበር፤ አልጠረገውም። ከዚያ ከፍ አድርጋ "አጎቴን ኒካሄን እንዲያስሩልኝ ወክያለሁ" አለች።

"ሰማችሁ?" አሉ አጎትየው።

"ሰማን" አሉ ሸህየ።

"ሰማን፣ አየንም" አለ ነጋዴው።

እትየ እጄን ለቀቁትና በጓሮ በር ወደ ድስታቸው ወጡ። እንግዶቹ ገና ምሳ አልበሉም ነበር።